የሐሳብ ድልድይ

ከሞጣ ወደ ዓባይ የወረደ መንገደኛ «ሰባራ ድልድይ»ን ያውቀዋል። በጣሊያን ወረራ ዘመን አርበኞች ጠላት እንዳይሻገርበት ቅስቱን ስላፈረሱት፥ አገሬው ብዙ ዘመን በገመድ እየተሳበ ተሻግሮአል።

ከአንጎል ወደ እጅ የሚወርደው የነርቭ መንገድም እንዲሁ ይበጠሳል። ሊቃውንት አሁን የሚዘረጉት ገመድ፥ በአንጎል ላይ የሚተከል፥ ከጣት ጥፍር ያነሰ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር፥ 15 ዓመት ያህል አካልዋ በድን ሆኖ የኖረች ሴት በሐሳብዋ ብቻ የብረት ክንድ አዝዛ ቡና ጠጣች። ለቡና ወዳጅ አገር ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይቅረብ!

ተማሪዎቼ የሚፈሩት ሐሳብ እንዳይሰረቅ ነው። እኔን ግን የሚያሳስበኝ የድልድዩ ባለቤት ማንነት ነው። በአውስትራልያ የሚጥል በሽታ ላለባት አንዲት ሴት፥ በሽታው ሊነሣ ሲል የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ በአንጎልዋ ላይ ተተክሎላት ነበር። ፍርሃትዋ ተወግዶ ስትኖር ኩባንያው ገንዘብ አለቀበትና በ2013 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። መሣሪያውን ቤትዋን አስይዛ ለመግዛት ብትሞክርም አልሆነላትም፤ ራስዋ ተከፍቶ ተወሰደባት። የሞጣ አርበኞች ያፈረሱት የገዛ ድልድያቸውን ነበር።

ቺሌ በ2021 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥትዋን አሻሽላ የሰውን አንጎል በሕግ ጥበቃ ሥር አግብታዋለች።