የማንጆ ጥያቄ በከፋ፤ ከልማዳዊ ተዋረድ እስከ ሕገ መንግሥት

በቦንጋና በዙሪያዋ ባለው የከፋ ምድር ማንጆ ተብሎ የሚጠራ ወገን ይኖራል። ቋንቋው እንደ ከፊቾው ሁሉ ከፊኖኖ ነው። የኑሮው መሠረት በቀድሞ ዘመን አደን ሲሆን፣ ኋላ ግን ማገዶና ከሰል ለገበያ በማቅረብ ሲተዳደር ቆይቷል።

በከፋ ነገሥታት ዘመን ሥልጣን በታቶው፣ ይኸውም በንጉሡና ሚክሬቾ በሚባሉት አማካሪዎቹ እጅ ነበር። ማንጆው የአገሩን በሮች ይጠብቅ ነበር እንጂ በምክሩ ድርሻ አልነበረውም። የመጨረሻው ታቶ ጋኪ ሸሮቾ በ1890 ዓ.ም. መጀመሪያ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተይዞ መንግሥቱ ቢያከትምም፣ ተዋረዱ አብሮ አልፈረሰም።

የልማዱ ሥርዓት ማንጆው ከከፊቾ ቤት እንዳይገባ፣ አብሮ እንዳይበላና እንዳይጋባ ይከለክላል። ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት እንደ ጉሬዛና እንደ ከርከሮ ያለውን የዱር ሥጋ መብላቱ ነው። ነገር ግን ክርስትናን ተቀብለው ይህን ሥጋ የተዉትም ከንቀቱ አላመለጡም። ከዚህም የምንረዳው ልዩነቱ የተመሠረተው በምግብ ላይ ሳይሆን በትውልድ ላይ መሆኑን ነው።

የ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ የገባሩን ሥርዓት ሻረ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 25 ማንም ሰው በማኅበራዊ አመጣጡ ልዩነት እንዳይደረግበት ደነገገ። በሕግ የተሰጠው እኩልነት በገበያና በማዕድ ዘንድ ሲታጣ ግን ቅሬታው እየበረታ ሄደ። በ1994 ዓ.ም. በአንዳንድ የከፋ ወረዳዎች ማንጆዎች በከፊቾ ጎረቤቶቻቸው ላይ ተነሡ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ ብዙዎችም ታሰሩ። የተጎዱት ጎረቤቶች ሥርዓቱን ብቻቸውን የሠሩት አልነበሩምና፣ ቁጣው ያስከተለው በደል ጥያቄውን ትክክለኛነት ባያሳጣውም ዕርቁን አክብዶታል።

የማንጆው ጥያቄ በሁለት መንገድ ይከፈላል። አንደኛው፣ ከፊቾ ተብሎ በእኩልነት መቆጠር ነው፤ ሁለተኛው፣ በአንቀጽ 39 መሠረት ራሱን የቻለ ብሔረሰብ ሆኖ መታወቅ ነው። የመጀመሪያው የጎረቤትን ፈቃድ ይሻል፤ የሁለተኛው ችግር ቋንቋው ከከፊቾው ጋር አንድ መሆኑ ነው። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በ2014 ዓ.ም. ሲመሠረት ለከፋ ሕዝብ የራስ አስተዳደር ተስፋ ሰፋ። ይሁን እንጂ ዴሞክራሲ የሚለካው አንድ ሕዝብ ከሌላው ጋር ባለው እኩልነት ብቻ ሳይሆን፣ በዚያው ሕዝብ ውስጥ ዝቅ ብሎ የኖረው ወገን ባገኘው ስፍራም ነው።