የከንፈር ትሪል
የከንፈር ትሪል በሆርን፣ በትራምፔትና በመሰል የነሐስ መሣሪያዎች ላይ ቫልቭ ሳይነኩ ሁለት ተከታታይ ድምፆችን በፍጥነት እያፈራረቁ የመንፋት ስልት ነው። የአንድ ቱቦ ርዝመት ሳይለወጥ የሚወጡት ድምፆች ከታች ተራርቀው ይጀምሩና ወደ ላይ ሲወጡ ይቀራረባሉ። በስምንተኛውና በዘጠነኛው መካከል ያለው ርቀት አንድ ሙሉ ቶን ስለሆነ ትሪሉ እዚያ ይመቻል። ሞዛርት ያረፈው በ1791 እ.ኤ.አ.፣ ቫልቭ ከመፈልሰፉ በፊት ነው፤ በሆርን ኮንቼርቶዎቹ ያሉት ትሪሎችም የተጻፉት ቫልቭ ለሌለው ሆርን ነው።

ስሙ ከንፈርን ቢጠራም ብዙውን ሥራ የሚሠራው ምላስ ነው፦ «አ» እንደማለት ዝቅ ሲል ታችኛው፣ «ኢ» እንደማለት ከፍ ሲል ላይኛው ድምፅ ይወጣል። ጀማሪ ሁለቱን ድምፆች ትንፋሹን ሳያቋርጥ በዝግታ ያያይዛል፤ እኩል ሲወጡለት በሜትሮኖም ፍጥነቱን ይጨምራል። ለመፍጠን ብሎ መሣሪያውን ከንፈር ላይ መጫን ግን ከንፈሩን ከመርገብገብ ያግደዋል።