የአንቴና «አዟሪ» ወይስ «ማዞሪያ»?

የአማተር ራዲዮ አንቴናን በሞተር ወደሚፈለገው አቅጣጫ የሚመልሰው መሣሪያ በአማርኛ ምን ይባል? «አዟሪ» ዕቃ እያዞረ የሚሸጥን፣ «አሽከርካሪ» መኪና የሚነዳን ሰው ስለሚያመለክቱ አልመረጥናቸውም። እንደ «ማጥለያ» እና «ማብሰያ» ሁሉ የመሣሪያ ስም የሚመሠረትበትን ቅርጽ ተከትለን «የአንቴና ማዞሪያ» ብለናል።

አቅጣጫውን የሚያሰላው ግን የግንኙነት መዝገብ የሚይዘው የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ከጣቢያው ኬክሮስና ኬንትሮስ ተነሥቶ፣ በጥሪ ምልክቱ መነሻ ፊደላት አገሩን ለይቶ፣ «የአቅጣጫ ማዕዘን»ን ከሰሜን ጀምሮ በዲግሪ ያወጣል፤ ምሥራቅ 90፣ ምዕራብ 270 ነው።

ሦስተኛው ስያሜ «መቆሚያ» ነው፤ ይኸውም ማዞሪያው ሊያልፈው የማይችለው ነጥብ ነው። መቆሚያው ሰሜን ላይ ከሆነ አንቴናው ከ350 ወደ 10 ዲግሪ ለመድረስ 20 ሳይሆን 340 ዲግሪ ወደ ኋላ ይዞራል። ይህ ቃል በመመሪያው ካልሰፈረ ተጠቃሚው ደኅናውን መሣሪያ ተበላሸ ብሎ ይፈታዋል።