የቡችላ ሥልጠና መቼ ይጀመር? የክትባትና የማኅበራዊ ትውውቅ ጊዜያት መደራረብ

መግቢያ

ቡችላ ወደ ቤት በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ባለቤቱ ሁለት የሚጋጩ ምክሮችን ይሰማል። አንደኛው ምክር ክትባቱ ተሟልቶ እስኪያልቅ ድረስ ቡችላው ከግቢ እንዳይወጣ፣ ከሌሎች ውሾችም ጋር እንዳይገናኝ ያዛል። ሁለተኛው ደግሞ ሰውን፣ ውሻን፣ ድምፅንና ልዩ ልዩ ቦታን በቶሎ ካልለመደ ኋላ ፈሪ ወይም ተናካሽ ይሆናል ሲል ያስጠነቅቃል። ሁለቱም ምክሮች በእውነተኛ ዕውቀት ላይ የቆሙ ናቸው። ችግሩ የሚናገሩት ስለ ተመሳሳዮቹ ሳምንታት መሆኑ ነው፤ የቡችላው በሽታን የመከላከል ዐቅም ገና ያልጸናበት ጊዜና ለአዲስ ነገር ይበልጥ ዝግጁ የሆነበት ጊዜ በአብዛኛው ይደራረባሉ።

ይህ ጽሑፍ ቡችላን ወደ መታዘዝ ሥልጠና ክፍል ለማስገባት ተገቢው ዕድሜ የትኛው እንደሆነ፣ በተለይ በዩናይትድ ስቴትስ ከተካሄዱ ጥናቶችና ከወጡ የሙያ መመሪያዎች አንጻር ይመረምራል። ጥያቄው የባለቤቶች የግል ምርጫ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በወጣትነት ዕድሜያቸው ወደ መጠለያ ከሚመለሱት ወይም በሐኪም እጅ እንዲሞቱ ከሚደረጉት ውሾች መካከል ብዙዎቹ ለዚህ የሚዳረጉት በባሕርያቸው ምክንያት ነው። ስለሆነም ቡችላው ከሕመም ቢጠበቅም ከባሕርይ ጉድለት ካልተጠበቀ ሕይወቱ ተጠበቀ ማለት አይቻልም።

የስድስት ወር ልማድ አመጣጥ

ለረጅም ዘመን የነበረው ልማድ ውሻ ስድስት ወር ገደማ ሳይሞላው ሥልጠና አለመጀመር ነበር። ዘመናዊው የውሻ ሥልጠና በአብዛኛው ከወታደራዊና ከፖሊስ አገልግሎት የወጣ ነው። ጀርመናዊው ኮንራድ ሞስት እ.ኤ.አ. በ1910 ያሳተመው የሥልጠና መጽሐፍ በዚህ ረገድ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ሲሆን፣ ትኩረቱም ለአገልግሎት በሚታጩ ውሾች ላይ ነበር። በዩናይትድ ስቴትስ ደግሞ ሄለን ኋይትሃውስ ዎከር የተባሉ የፑድል ዝርያ አርቢ እ.ኤ.አ. በ1933 በኒው ዮርክ ግዛት በማውንት ኪስኮ የመታዘዝ ውድድር አዘጋጁ፤ የአሜሪካ ኬነል ክለብም እ.ኤ.አ. በ1936 ይህን ውድድር በይፋ ተቀበለው። ሥልጠና በውድድር ዙሪያ ሲደራጅ ዕድሜውም በውድድር መስፈርት ተለካ።

ልማዱ ሌላም ምክንያት ነበረው። የቀድሞው ስልት በዋናነት የተመሠረተው የአንገት ሰንሰለትን በድንገት በመሳብ ስሕተትን በማረም ላይ ነው። ይህ አሠራር ለስምንት ሳምንት ቡችላ አንገትም ሆነ መንፈስ የሚመች አልነበረም። በሌላ አነጋገር፣ ቡችላው «ገና ለትምህርት አልደረሰም» የተባለው የመማር ችሎታ ስላልነበረው ሳይሆን የማስተማሪያው መንገድ ለእሱ ስላልተሠራ ነው።

በእነዚያው ዓመታት መጨረሻ ላይ አንድ አዲስ በሽታ የመጠበቅን ምክር ይበልጥ አጠናከረው። እ.ኤ.አ. በ1978 ገደማ የውሻ ፓርቮ ቫይረስ ታወቀ፤ በአጭር ጊዜ ውስጥም በዓለም ዙሪያ ተሰራጭቶ ብዙ ቡችሎችን ፈጀ። የእንስሳት ሐኪሞች ቡችሎች ከቤት እንዳይወጡ አጥብቀው መምከራቸው ከዚህ አንጻር የሚጠበቅ ነበር። ይሁን እንጂ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የእንስሳት ሐኪሙና የባሕርይ ባለሙያው ኢያን ደንባር በካሊፎርኒያ ቡችሎች ያለ ማሰሪያ እየተጫወቱ፣ በምግብና በጨዋታ ሽልማት የሚማሩባቸውን ክፍሎች ከፈቱ። ማረሚያው ሰንሰለት በሽልማት ሲተካ፣ ስድስት ወር የመጠበቅ አንዱ ምክንያት ወደቀ። የቀረው የበሽታው ሥጋት ነበር።

ወሳኙ የትውውቅ ጊዜ

ቡችላ ዓለሙን የሚለምድበት የተለየ ጊዜ እንዳለ በስፋት ያሳየው በሜይን ግዛት በባር ሃርበር በሚገኘው የጃክሰን ላቦራቶሪ የተካሄደው የረጅም ዓመታት ምርምር ነው። ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር አምስት የውሻ ዝርያዎችን ከልደት ጀምረው ተከታትለው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1965 በመጽሐፍ አወጡ። በእነሱ ገለጻ መሠረት የማኅበራዊ ትውውቅ ጊዜ ከሦስተኛው ሳምንት ገደማ ይጀምርና እስከ ዐሥራ ሁለተኛው ሳምንት አካባቢ ይዘልቃል።

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1961 ዳንኤል ፍሪድማን፣ ጆን ኪንግና ኦርቪል ኤልየት ያሳተሙት ሙከራ ነገሩን በግልጽ አሳይቶ ነበር። ቡችሎቹ ከእናቶቻቸው ጋር በታጠረ ሰፊ መስክ ውስጥ ከሰው ንክኪ ርቀው አደጉ፤ በልዩ ልዩ ዕድሜም እየተወሰዱ ለአንድ ሳምንት ከሰው ጋር እንዲሆኑ ተደረገ። ተመራማሪዎቹ ከሰው ጋር የመላመጃው ወሳኝ ጊዜ ከሁለት ሳምንት ተኩል እስከ ዘጠነኛውና ዐሥራ ሦስተኛው ሳምንት ባለው ክልል ውስጥ እንደሚገኝ ደመደሙ። እስከ 14ኛው ሳምንት ድረስ ሰው ሳያዩ የቆዩት ግን ፍርሃታቸው በቀላሉ የሚለቅ አልሆነም።

ከዚህ ግኝት ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ውሻ ከዚህ ጊዜ በኋላም ይማራል፤ «ተቀመጥ» ወይም «ና» የሚለውን ትእዛዝ በአምስት ዓመቱም መልመድ ይችላል። የሚጠበው የመማር ችሎታው ሳይሆን እንግዳ ነገርን ያለ ፍርሃት የመቀበል ዝንባሌው ነው። ሁለተኛ፣ ጊዜው በአንድ ቀን ተዘግቶ የሚያልቅ አይደለም፤ ፍርሃቱ ቀስ በቀስ እየበረታ፣ ጉጉቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ በስምንተኛው ሳምንት በጥቂት ጨዋታ የሚገኘውን ውጤት በስድስተኛው ወር ለማግኘት የብዙ ወራት ትዕግሥት ሊጠይቅ ይችላል።

የክትባቱ ክፍተት

ክትባት በአንድ ጊዜ የማያልቅበትን ምክንያት መረዳት ለውሳኔው መሠረት ነው። ቡችላ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከእናቱ እንገር ፀረ እንግዳ አካላትን ያገኛል። እነዚህ አካላት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከበሽታ ይጠብቁታል፤ ነገር ግን የሚሰጠውንም ክትባት እንደ እውነተኛ ቫይረስ ቆጥረው ሥራውን ያከሽፉበታል። መጠናቸው እየቀነሰ ሲሄድ፣ ቡችላውን ለመጠበቅ የማይበቁበት ሆኖም ክትባቱን ለማክሸፍ የሚበቁበት አንድ ክፍተት ይፈጠራል።

ይህ ክፍተት መቼ እንደሚመጣ ከቡችላ ቡችላ ይለያያል፤ በአንድ እናት ልጆች መካከል እንኳ አንድ ላይሆን ይችላል። የዓለም የትናንሽ እንስሳት ሐኪሞች ማኅበር መሠረታዊዎቹ ክትባቶች ከ6ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ተጀምረው፣ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ እየተደገሙ እስከ 16ኛው ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ እንዲቀጥሉ የሚመክረው በዚህ ምክንያት ነው። ድግግሞሹ ዓላማው ክፍተቱ በየትኛውም ሳምንት ቢያልቅ ቀጣዩ ክትባት እንዲደርስለት ነው።

የፓርቮ ቫይረስ ሥጋትም በከንቱ የመጣ አይደለም። ቫይረሱ የአንጀትን ውስጠኛ ሽፋንና ነጭ የደም ሕዋሳትን ያጠቃል፤ በታመመ ውሻ ዐይነ ምድር ይወጣል፤ በአፈር ውስጥም ለወራት ሊቆይ ይችላል። ተራ ሳሙና አይገድለውም፤ በውኃ የተበረዘ በረኪና ግን ይገድለዋል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ቀላል ቢመስልም ለሥልጠና ክፍል ወሳኝ ነው፤ ብዙ ያልታወቁ ውሾች የሚመላለሱበትን ሣርና አፈር ማጽዳት አይቻልም፤ የታጠበ ወለል ያለው ክፍል ግን ማጽዳት ይቻላል።

ሁለቱን አደጋዎች መመዘን

እስከ 16ኛው ሳምንት የሚጠብቅ ባለቤት የትውውቁን ጊዜ በሙሉ ሊያሳልፍ እንደሚችል ከላይ ከቀረበው መረዳት ይቻላል። የአሜሪካ የእንስሳት ባሕርይ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መግለጫ በዚህ ላይ ግልጽ አቋም ወሰደ። በመግለጫው መሠረት ቡችሎች ከ7ኛው ወይም ከ8ኛው ሳምንት ጀምሮ ወደ ክፍል ሊገቡ ይችላሉ፤ ሆኖም ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ቢያንስ 7 ቀን ቀደም ብሎ አንድ ዙር ክትባትና የመጀመሪያውን የትላትል መድኃኒት መውሰድ አለባቸው። ማኅበሩ ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ውሾች ቀዳሚው የሞት ምክንያት ተላላፊ በሽታ ሳይሆን የባሕርይ ችግር መሆኑንም አስገንዝቧል።

አቋሙ በመስክ መረጃ ተፈትኗል። ሜሬዲት ስቴፒታና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ በአራት የአሜሪካ ከተሞች የሚገኙ 21 ክሊኒኮችና በእነዚሁ ከተሞች የሚሠሩ 24 አሠልጣኞች ዕድሜያቸው ከ16 ሳምንት ስላልበለጠ ቡችሎች መረጃ ሰጡ። በትውውቅ ክፍሎች ከተካፈሉት 279 ቡችሎች መካከል በፓርቮ የተያዘም ሆነ የተጠረጠረ አልተገኘም። ተመራማሪዎቹም የተከተቡ ቡችሎች ክፍል በመግባታቸው ብቻ ካልገቡት የተከተቡ ቡችሎች የበለጠ ለበሽታው እንዳልተጋለጡ ደመደሙ። እዚህ ላይ «የተከተቡ» የሚለው ቃል የድምዳሜው ምሰሶ ነው፤ ጥናቱ ያልተከተበን ቡችላ ወደ ክፍል ለማስገባት ፈቃድ አይሰጥም።

በክፍሉ ውስጥ የሚሰጠው ትምህርት

ቀድሞ መግባቱ የሚጠቅመው ክፍሉ ለዚያ ዕድሜ የሚስማማ ከሆነ ነው። በመልካም ክፍል ውስጥ ቡችላው ስሙ ሲጠራ መዞርን፣ ሲጠራ መምጣትን፣ መቀመጥንና ገመዱን ሳይጎትት መሄድን ይማራል። ሽልማቱ ድርጊቱን ወዲያውኑ መከተል አለበት፤ ከዘገየ ቡችላው የሚያያይዘው ከሌላ ነገር ጋር ነው። ከዚህ ጎን ለጎን ጆሮውን፣ ጥርሱንና እግሩን በእንግዳ ሰው መዳሰስን ይለምዳል። ከእኩዮቹ ጋር ሲጫወትም አጥብቆ ሲነክስ ጨዋታው እንደሚቋረጥ እያየ የመንጋጋውን ኃይል መግታት ይማራል።

የትውውቅ መጠን ግን ከጥራቱ አይበልጥም። ወንበር ሥር የተደበቀን ቡችላ ጎትቶ ወደ መካከል ማምጣት ፍርሃቱን ያጸናበታል፤ ርቀት ተሰጥቶት በራሱ ፈቃድ እንዲቀርብ መጠበቅ ግን ድፍረትን ያስተምረዋል። ኤሊ ሂቢ፣ ኒኮላ ሩኒና ጆን ብራድሾው እ.ኤ.አ. በ2004 በብሪታንያ የውሻ ባለቤቶችን ጠይቀው ባቀረቡት ጥናት በሽልማት ማስተማር ከተሻለ ታዛዥነት ጋር፣ ቅጣት ደግሞ ከበዙ የባሕርይ ችግሮች ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ከሁሉ በላይ በክፍሉ ውስጥ ዋናው ተማሪ ባለቤቱ ነው። አሠልጣኙ ቡችላውን የሚያየው በሳምንት አንድ ሰዓት ያህል ሲሆን፣ የቀሩትን ሰዓታት የሚያስተምረው ቤተሰቡ ነው።

የማስረጃው ወሰን

የክፍሎቹን ጥቅም ከሚገባው በላይ ማጋነን አይገባም። ማርጋሬት ደክስበሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 ባቀረቡት ጥናት፣ ከመጠለያ ተወስደው የትውውቅ ክፍል የተከታተሉ ቡችሎች በአሳዳጊዎቻቸው ቤት የመቆየት ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ነገር ግን ቡችላውን ወደ ክፍል ለመውሰድ የሚተጋ ባለቤት በሌላውም ጉዳይ ሊተጋ ይችላል፤ ስለዚህ ውጤቱ ከክፍሉ ይሁን ከባለቤቱ ጠባይ መለየት ያስቸግራል። ክርስቲ ሴክሰልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1999 በአውስትራሊያ ባደረጉት ሙከራም የሠለጠኑት ቡችሎች ለትእዛዝ የሚሰጡት ምላሽ የተሻለ ሲሆን፣ ለማኅበራዊ ገጠመኞች ባሳዩት ምላሽ ግን ከሌሎቹ ጎልቶ የሚታይ ልዩነት አልታየባቸውም። ይህም ታዛዥነትና መልካም ማኅበራዊ ጠባይ አንድ ነገር አለመሆናቸውንና በክፍል ውስጥ የሚያልፈው ጥቂት ሰዓት ብቻውን በቂ ላይሆን እንደሚችል ያመለክታል።

ሌላው ወሰን የአካባቢ ነው። የአሜሪካው ጥናት የተካሄደው ብዙ ውሾች በሚከተቡበትና በባለቤት ቁጥጥር ሥር በሚውሉበት ሁኔታ ነው። እንደ አዲስ አበባ ባለ፣ ያልተከተቡ ውሾች በየመንገዱ በሚዘዋወሩበትና የእብድ ውሻ በሽታ የሰው ሕይወት በሚቀጥፍበት ከተማ ድምዳሜውን እንዳለ መቅዳት አይቻልም። የሚቀዳው መርሑ ነው። ቡችላው መንገድ ላይ ሳይወርድ በክንድ ታቅፎ የመኪናን ድምፅና የሰውን ግርግር ሊለምድ፣ ልጆችና ሽማግሌዎች በቤቱ ሊጎበኙት፣ ጤንነታቸው ከታወቀ የተከተቡ ውሾች ጋርም በንጹሕ ግቢ ሊገናኝ ይችላል። ከልጅነቱ ጀምሮ ቀን ከሌት በሰንሰለት ታስሮ የሚያድግ ቡችላ ግን ይህ ሁሉ ይቀርበታል፤ ሲያድግ እንግዳን ሁሉ እንደ ጠላት ቢያይ የሚያስገርም አይሆንም።

ማጠቃለያ

ቡችላን ወደ ሥልጠና ክፍል የማስገባት ጥያቄ በጤናና በጠባይ መካከል አንዱን የመምረጥ ጥያቄ ተደርጎ ሲቀርብ ቆይቷል። የቀረቡት ማስረጃዎች ግን ሁለቱን በአንድነት መጠበቅ እንደሚቻል ያሳያሉ። የመጀመሪያው ክትባት ከተሰጠ ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ የተሳታፊዎቹ የክትባት መዝገብ በሚመረመርበት፣ ወለሉ በሚጸዳበትና የታመመ ቡችላ በማይገባበት ክፍል ትምህርቱ ሊጀመር ይችላል፤ ቀጣዮቹም ክትባቶች በጊዜያቸው ይቀጥላሉ። እነዚህ ሁኔታዎች ካልተሟሉ የትውውቁ ሥራ በቤትና በታወቀ ግቢ ይከናወናል እንጂ ለኋላ አይተላለፍም። ያለፈ ክትባት ዘግይቶም ቢሆን ሊሰጥ ይችላል፤ ያለፉትን የትውውቅ ሳምንታት ግን መልሶ መስጠት አይቻልም።