አራት ብረት፣ ስንት መስታወት?

መርካቶ ውስጥ አንድ በያጅ የካሬ ቅርጽ ያለው የመስኮት ፍሬም ሠርቶ፣ ውስጡን በአራት ቀጥ ያሉ ብረቶች ከዳር እስከ ዳር ቢያቋርጠው፣ መስታወት ቆራጩ ስንት ቁራጭ ያዘጋጅ? መልሱ አንድ አይደለም። ብረቶቹ ሳይነካኩ ጎን ለጎን ከቆሙ 5 ነው። ሁለቱ ቁም፣ ሁለቱ አግድም ከሆኑ 9። አንድ ቁም፣ አንድ አግድምና ሁለት ሰያፍ ሆነው ሁሉም መሃል ላይ ከተገናኙ 8። እያንዳንዱ ሌሎቹን ሁሉ በየተለያየ ቦታ ካቋረጠ ደግሞ 11 ይደርሳል፤ ከዚያ በላይ ግን አይሄድም።

ለአራት ብረት ጣት ይበቃል። ሃያ ሲሆን ግን ዓይን ይምታታል፤ ሁለት ጊዜ የቆጠረ ሰው ሁለት ቁጥር ይዞ ይነሣል። ስለዚህ ክፍሎቹን ትቶ ብረቶቹንና መገናኛዎቹን መቁጠር ይሻላል፦ 1 ሲደመር የብረቶቹ ብዛት፣ ሲደመር በፍሬሙ ውስጥ የተቋረጡባቸው ነጥቦች።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ባዶው ፍሬም አንድ ክፍል ነው። አዲስ ብረት ማንንም ሳያቋርጥ ካለፈ አንዱን ክፍል ለሁለት ይከፍላል። በመንገዱ ሦስት ብረት ካቋረጠ ግን ራሱ አራት ቦታ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ቁራጭም ያለፈበትን ክፍል ለሁለት ስለሚሰነጥቅ አራት አዲስ ክፍል ይጨመራል። ክፍሎቹ ባለሦስትም ሆኑ ባለአምስት ጎን ለውጥ የለውም። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ብዙ ብረት አንድ ነጥብ ላይ ሲገናኝ ነው፦ የሦስት ብረት መገናኛ እንደ 2፣ የአራቱ እንደ 3 ይቆጠራል። 8 የመጣው ከዚህ ነው፤ 1 + 4 + 3።

ስዊዘርላንዳዊው የሂሳብ ሊቅ ያኮብ ሽታይነር እ.ኤ.አ. በ1826 ባሳተመው ጽሑፍ መስመሮች ጠፍጣፋ ገጽን ቢበዛ ስንት ቦታ እንደሚከፍሉ አስልቷል። ለአሥር መስመር 56 ነው።

መርካቶ ራሷም እንዲህ ልትቆጠር ትችላለች። ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባን በያዙበት ዘመን ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ የነበረውን ትልቅ ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውረው ቀጥ ባሉ፣ እርስ በርስ በሚቋረጡ ጎዳናዎች ከፋፈሉት። ከዳር እስከ ዳር የሚዘልቁት መንገዶች እንደ ብረቶቹ ናቸው። ሌላ መንገድ ላይ ደርሶ የሚቆም ቅያስ መጨረሻው እንደ መቋረጫ አይቆጠርም፤ አንድ ክፍል ብቻ ይጨምራል። መውጫ የሌለው ቅያስ ምንም አይጨምርም፤ ግራና ቀኙ በጫፉ በኩል ዞረው የሚገናኙ አንድ ክፍል ናቸው። በግራና በቀኙ ሱቅ የከፈቱት ነጋዴዎች ግን በዚህ ስሌት ይስማማሉ ማለት አይደለም።