ከምጣድ በታች ስለሚነድደው የቤት ሀብት

የቤት ሀብት የሚወጣበት በር ብዙ ነው። ሌባ የሚገባበት ደጅ ይዘጋል፤ ነቀዝ የሚገባበት ጎተራ ይለቀለቃል፤ ከምጣድ በታች የሚጠፋውን ሀብት ግን፥ ጢስ ሆኖ ስለሚሄድ፥ የሚቈጥረው ሰው ጥቂት ነው። በኢትዮጵያ ገጠር አብዛኛው ቤት እንጀራውን የሚጋግረውና ወጡን የሚሠራው በእንጨት፥ በጭራሮና በኩበት ስለ ሆነ፥ የምድጃ ነገር ለማዕድ ቤት ብቻ የሚተው አይደለም። የእርሻ ነገር ነው፤ የደን ነገር ነው፤ የአገር አስተዳደርም ነገር ነው።

በሦስት ጉልቻ ላይ የሚነድደው እሳት ዙሪያው ክፍት ስለ ሆነ ነፋስ ይበትነዋል፤ ከሙቀቱም የሚበልጠው እጅ ምጣዱን ሳያግል ወደ ጎን ይወጣል። ይህን ጉዳት ለማስቀረት በ1980ዎቹ ዓ.ም. በኢትዮጵያ ባለሙያዎች ሁለት ዓይነት ምድጃ ተዘጋጀ። አንደኛው ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው፥ በምጣዱ ዙሪያ ተገጣጥሞ እሳቱን የሚዘጋው፥ ምርጥ የተባለው ነው። በጢሱ መውጫ በኩል ድስት ስለሚጣድበት፥ እንጀራውን ያበሰለው እሳት ወጡንም ያሞቃል። ሁለተኛው ላቀች የተባለው የከሰል ምድጃ ነው። ምርጥ ከክፍቱ እሳት ጋር ሲነጻጸር የእንጨቱን ግማሽ ያህል፥ ላቀችም ከቀድሞው የቆርቆሮ ምድጃ ጋር ሲነጻጸር የከሰሉን ሩብ ያህል ያተርፋል። ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም ይባላል። ስለ ወጡ ጣዕም ተረቱ እውነት ይሁን፤ ስለ እንጨቱ ወጪ ግን የጉልቻው መለወጥ ብዙ ያደርጋል።

ሂሳቡን ማንም ሰው በቤቱ ሊያደርገው ይችላል። ለምሳሌ አንድ ቤት ለእንጀራ መጋገሪያ በሳምንት 2 ሸክም እንጨት የሚፈጅ ቢሆን፥ በዓመት 104 ሸክም ይሆናል። ይህ በግማሽ ቢቀነስ 52 ሸክም ይተርፋል። የቤቱ ጌታ ይህን ቍጥር በአካባቢው የገበያ ዋጋ ቢያባዛው፥ የምድጃው መግዣ በስንት ወር እንደሚመለስለት ያውቃል። እንጨት የማይገዛ ሰውም ለእኔ ትርፍ የለውም አይበል። 52 ሸክም ማለት ሚስቱ ወይም ልጁ 52 ጊዜ ወደ ዱር ወርዳ 52 ጊዜ ጀርባዋ ጎብጦ መመለስ ማለት ነው። ያ ጊዜ ለትምህርት፥ ለፈትል፥ ለጓሮ አትክልት ሊውል ይችል ነበር። ደግሞም የጢሱ ማነስ ለዓይንና ለሳንባ ጤና መሆኑ የታወቀ ነው።

ከእንጨቱ ይልቅ የሚያሳዝነው የኩበቱ ነገር ነው። ዛፍ ባለቀበት ደጋ የከብቱ ፋንድያ ተጠፍጥፎ ደርቆ ይነድዳል፤ ተርፎ የተገኘውም ወደ ገበያ ይሄዳል። በፋንድያው ውስጥ ያለው፥ እህልን የሚያለመልመው ናይትሮጅን፥ በእሳት ጊዜ ከጢሱ ጋር ይወጣል፤ በዐመዱ ውስጥ የሚቀረው ሌላው ማዕድን ብቻ ነው። ምድርን የሚያለሰልሰውና ውሃ የሚይዘው ብስባሽም አብሮ ይጠፋል። በደረቅ ኩበት ውስጥ ከመቶው እጅ 1 ተኩል ያህል ናይትሮጅን አለ ተብሎ ቢታሰብ፥ በዓመት 10 ኩንታል ኩበት የሚያነድድ ቤት 15 ኪሎ ያህል ናይትሮጅን ያቃጥላል። አንድ ኩንታል ዩሪያ የሚይዘው 46 ኪሎ ስለ ሆነ፥ ያ ቤት በየዓመቱ የኩንታሉን ሲሶ ያህል በገዛ እጁ አነደደ ማለት ነው። የፋንድያ ኀይል በአንድ ክረምት ሁሉ ለአዝመራው አይደርስም፤ ነገር ግን ለተከታዩ ዓመት ይቈያል እንጂ አይባክንም። ባለ ከብቱ ግን በበጋ ያቃጠለውን በክረምት ከባሕር ማዶ በመጣ ማዳበሪያ ለመተካት ይበደራል።

ይሁን እንጂ ኩበት የሚያነድድ ሰው ሁሉ ባለማወቅ የሚያደርገው አይደለም። ብዙው ገበሬ ፋንድያ ለእርሻ እንደሚበጅ ከአባቱ ተምሯል፤ የሚያነድደው ሌላ ስላጣ ነው። የዛሬ እራቱንና የከርሞ አዝመራውን በአንድ ሚዛን አስቀምጦ፥ ልጆቹ እንዳይራቡ የዛሬውን ይመርጣል። ስለዚህ ሹም ተነሥቶ ኩበት አታንድዱ ብሎ ቢያዝ፥ ትእዛዙ ምጣድ አያግልም። አስቀድሞ እንጨቱ የሚተርፍበትን ምድጃ፥ ቀጥሎም እንጨቱ የሚበቅልበትን ቦታ ማሰናዳት ይገባል። ከብቱ አራትና ከዚያ በላይ ለሆነለት፥ ውሃም በቅርብ ለሚያገኝ ሰው የባዮጋዝ ጕድጓድ ይበጀዋል፤ ፋንድያው ለወጥና ለቡና የሚሆን እሳት ይሰጥና ዝቃጩ ደግሞ ወደ ማሳው ይሄዳልና።

እንጨት ከተነሣ ዘንድ የአዲስ አበባ ታሪክ ማስተማሪያ ነው። ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ደን በጥቂት ዓመት ስላለቀ፥ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ደርሶ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ተተክሎ በፍጥነት ስላደገ ግን ከተማው በስፍራው ጸና። ባሕር ዛፍ ተቈርጦ ከጉቶው እንደ ገና ስለሚያቈጠቍጥ ለማገዶ የተመቸ ነው፤ ነገር ግን ውሃ አብዝቶ ስለሚጠጣ በምንጭ ዳርና በእህል ማሳ አጠገብ ሊተከል አይገባም። ለማሳ ዳር እንደ ሰስባንያ ያለው፥ ቅጠሉ ለከብት መኖ፥ ሥሩ ለምድር ልማት፥ ግንዱ ለማገዶ የሚሆነው ይሻላል።

ምድጃ እስኪገዛ፥ ዛፍም እስኪያድግ ድረስ፥ አንድ ሳንቲም ሳይወጣ የሚደረግ ቍጠባ አለ። እንጨት ከመንደዱ በፊት ተፈልጦ በጥላ ሥር በሚገባ ይድረቅ፤ የእርጥብ እንጨት ሙቀት የራሱን ውሃ በማትነን ያልቃልና። ባቄላ፥ ሽንብራና አተር በዋዜማው ውሃ ውስጥ ይደር፤ ድስት ይከደን። ምጣድ አንድ ጊዜ ከጋለ በኋላ የቀናቱ እንጀራ በአንድ መቀመጥ ይጋገር እንጂ በየቀኑ እንደ ገና አይማግ። ሥራው ሲያልቅ የተረፈው እንጨት ከእሳቱ ተስቦ ይውጣና ይጥፋ። በከተማ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለውም፥ ምጣዱ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ የሚስብ በመሆኑ፥ የመጨረሻውን እንጀራ ከማውጣቱ አስቀድሞ ኀይሉን ቢያጠፋ በቀረው ሙቀት ይበስላል። የማይነድደው ፋንድያም በጥላ ሥር ተከምሮ በሣር ይሸፈን፤ ፀሐይና ዝናም ኀይሉን እንዳይወስዱት።

ይህ ሁሉ ከሹማምንትና ከባለጠጎች ቤት ሊጀመር ይገባል። በትልቅ ቤት ሠራተኛ ይበዛል፥ እንግዳም አይታጣም፤ ስለዚህ ማገዶው ከጎረቤቱ እጥፍ ድርብ ይሆናል። ሕዝብ የሚመለከተው የተነገረውን ሳይሆን በሹሙ ማዕድ ቤት የሚሠራውን ነው። ደግሞም በማረሚያ ቤት፥ በአዳሪ ትምህርት ቤትና በሆስፒታል በየቀኑ ብዙ እንጀራ ይጋገራል፤ ማገዶውም የሚገዛው በሕዝብ ገንዘብ ነው። በእነዚህ ስፍራዎች ምድጃው ከመለወጡ በፊት የአንድ ወር ሸክም፥ ከተለወጠም በኋላ የአንድ ወር ሸክም በመዝገብ ቢጻፍ፥ የሁለቱ ልዩነት ከብዙ ንግግር ይልቅ ያሳምናል። የተረፈው ገንዘብም ለችግኝ መግዣ ቢውል፥ ቍጠባው ወረዳውን ሁሉ ይጠቅማል።