ውጭ አገር ሄዶ እንግሊዝኛ ማስተማር፦ ጥቅሙ ምን ያህል ነው? ወጥመዱስ የቱ ጋ ነው?

«ታይላንድ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ይፈለጋል። ዲግሪ አያስፈልግም። ደሞዝ በዶላር። ቪዛውን እኛ እንጨርሳለን።»

እንዲህ ዓይነት ማስታወቂያ ቲክቶክ ወይ ቴሌግራም ላይ ሳታዩ አልቀራችሁም። «እውነት ነው ወይስ ማጭበርበሪያ?» ብላችሁ በውስጥ መስመር የምትጠይቁንም አላችሁ። ዛሬ በዝርዝር እንየው።

አጭሩ መልስ፦ ሥራው በእርግጥ አለ። ደቡብ ኮሪያ፣ ቻይና፣ ታይላንድና ቬትናም ውስጥ እንግሊዝኛ እያስተማሩ የሚኖሩ የውጭ ዜጎች ብዙ ናቸው። ማስታወቂያው የማይነግራችሁ ግን በሩን የሚከፍተው የእንግሊዝኛ ችሎታችሁ ብቻ አለመሆኑን ነው። ፓስፖርታችሁ፣ ዲግሪያችሁና የምትገቡበት የቪዛ ዓይነት ከችሎታው እኩል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስናሉ።

✅ ጥቅሙ

👉 ገቢ፦ የደቡብ ኮሪያ መንግሥት ለትምህርት ቤቶቹ የውጭ አስተማሪዎችን በሚቀጥርበት ፕሮግራም ደሞዙ በወር ከ2 ሚሊዮን ዎን በላይ ነው፤ መኖሪያ ቤትም ይሰጣል። የቤት ኪራይ የማይከፍል ሰው ገንዘብ መቆጠብ ይችላል።

👉 ልምድ፦ ቋንቋችሁን በማይሰሙ ልጆች ፊት ቆሞ አንድን ነገር ማስረዳት ትዕግሥትም ዘዴም ያስተምራል። በኋላ የትም ብትሠሩ የሚጠቅም ነገር ነው።

👉 አገር ማየት፦ አዲስ ቋንቋ፣ አዲስ ሰው፣ የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲመጣ ደግሞ የመዘዋወር ዕድል።

❌ ጉዳቱ

👉 ውሉ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ዓመት ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዱም ከአሠሪው ጋር የታሰረ ነው። ከአሠሪያችሁ ጋር ከተጣላችሁ ሥራው ብቻ ሳይሆን አገሩ ላይ የመቆየት መብታችሁም አደጋ ላይ ይወድቃል።

👉 እንግሊዝኛ መናገርና እንግሊዝኛ ማስተማር ይለያያሉ። ሳይዘጋጅ የሄደ ሰው የመጀመሪያዎቹ ወራት ይከብዱታል።

👉 ዕድገቱ ውስን ነው። የተሻለ የሚከፍሉት ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች የመምህርነት ፈቃድ ይጠይቃሉ። ያ ከሌለ ሦስተኛው ዓመት ከመጀመሪያው ብዙም አይለይም።

👉 አድልዎ አለ። ብዙ ቀጣሪዎች ከሲቪ ጋር ፎቶ ይጠይቃሉ። ጥቁር አስተማሪዎች ገና መልካቸው ታይቶ እንደሚቀሩ ሲናገሩ መስማት የተለመደ ነው።

📌 የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘስ?

🇰🇷 ደቡብ ኮሪያ፦ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ቪዛ በዋናነት ለ7 አገራት ዜጎች የተዘጋጀ ነው፤ አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ካናዳ፣ አየርላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ። አሜሪካ ተወልዳ እዚያው የተማረች የአክስታችሁ ልጅ ማመልከት ትችላለች። እናንተ ግን አይኤልትስ ላይ ከእሷ የበለጠ ነጥብ ብታመጡም በኢትዮጵያ ፓስፖርት በዚህ በር አትገቡም።

🇨🇳 ቻይና፦ ሕጉ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋው የሆነ፣ ዲግሪ ያለው፣ የ2 ዓመት ልምድ ወይም የማስተማር ሰርተፊኬት የያዘ ሰው ይፈልጋል። በንግድ ወይም በተማሪ ቪዛ ገብቶ ያለ ሥራ ፈቃድ ማስተማር ከ5,000 እስከ 20,000 ዩዋን ያስቀጣል፤ ከበድ ካለ ደግሞ ከ5 እስከ 15 ቀን ያሳስራል። በዚያ ላይ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2021 የግል ማስጠኛ ማዕከላትን ስላጠበቀ ብዙዎቹ ተዘግተዋል።

🇹🇭 ታይላንድ፦ ከሁለቱ የተሻለ ክፍት ነው። የፊሊፒንስና የካሜሩን ዜጎች እዚያ ያስተምራሉ። ግን «ዲግሪ አያስፈልግም» የሚባለው ውሸት ነው። በመደበኛ ትምህርት ቤት ለመቀጠር ዲግሪ፣ የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት፣ የሥራ ቪዛና የሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል። ደሞዝ ላይም ብዙ ጊዜ ከአሜሪካዊው ወይም ከእንግሊዛዊው ያነሰ ነው የሚከፈለው።

🇻🇳 ቬትናም፦ ዲግሪ፣ የማስተማር ሰርተፊኬት፣ ከወንጀል ነጻ ማስረጃ፣ የጤና ምርመራና የሥራ ፈቃድ።

የሚገርመው እኛ አገር የሆነው ነው። የአሜሪካ የሰላም ጓድ አስተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ ኢትዮጵያ መምጣት ጀመሩ። በዚያው ዘመን ብዙ የሕንድ መምህራንም በየክፍለ ሀገሩ ያስተምሩ ነበር። እንግሊዝኛ የብዙዎቹ ሕንዶች የአፍ መፍቻ ቋንቋ አልነበረም፤ ግን ስንት ሰው አስተምረው አወጡ! ጥሩ አስተማሪ በፓስፖርት አይለካም። ሕጉ ግን የሚለካው በፓስፖርት ነው፤ እውነታውን አውቆ መነሳት ይሻላል።

⚠️ ዋናው ወጥመድ

«በቱሪስት ቪዛ ግባ፣ እዛ ስትደርስ ይቀየራል» የሚለው ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ምያንማር ውስጥ ካሉ የኦንላይን ማጭበርበሪያ ካምፖች ወደ 260 የሚጠጉ ሰዎች ወጥተው ለታይላንድ ተሰጥተው ነበር። ከእነሱ ውስጥ 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከግማሽ በላይ ማለት ነው! ወደ እነዚህ ካምፖች ለሚገቡ ሰዎች የሚነገረው የሥራ ዓይነት ይለያያል፤ መንገዱ ግን ተመሳሳይ ነው። ታይላንድ ጥሩ ሥራ አለ ይባላል፣ ትኬት ይቆረጣል፣ ከዚያ በመኪና ወደ ድንበር። ድንበሩን ከተሻገሩ በኋላ ፓስፖርት ይነጠቃል፤ ሥራው ደግሞ ሰው ማጭበርበር ይሆናል። እምቢ ያለ ይደበደባል።

ስለዚህ የሥራ ቦታው ማይ ሶት ወይም ሌላ የድንበር ከተማ ነው ከተባላችሁ ሁለቴ አስቡ። ማይ ሶት ካምፖቹ ከበዙበት ከምያንማሯ ምያዋዲ ጋር የሚለያያት አንድ ወንዝ ነው።

📝 እሺ ከማለታችሁ በፊት

1. የትምህርት ቤቱን ስም ጠይቁ። ስልኩን ከደላላው አትቀበሉ፤ ራሳችሁ ፈልጋችሁ ደውሉ።

2. ቪዛው የሥራ ነው የቱሪስት? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ኤምባሲውንም ጠይቁ።

3. ውሉን ከመሄዳችሁ በፊት አንብቡ። የሳምንት ሰዓት፣ ደሞዝ፣ ቤት፣ የመመለሻ ትኬት፣ ውሉ ቢቋረጥ ምን እንደሚሆን ይጻፍ።

4. ኤጀንሲ ነኝ ካለ ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ እንዳለው አጣሩ።

5. ዲግሪያችሁን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በኤምባሲ በኩል ማለፉ ጊዜ ይወስዳል። «ሰነዱ በኋላ ይደርሳል» የሚል ቀጣሪ ሰነዱን አይፈልገውም ማለት ነው።

6. ፓስፖርታችሁን ለማንም በአደራ አትስጡ።

ሥራው ይስማማኝ ይሆን የሚል ጥያቄ ካላችሁ ደግሞ መልሱን ለማግኘት አውሮፕላን መሳፈር አያስፈልግም። ለጥቂት ወራት እዚሁ ሰፈር ውስጥ ልጆች አስጠኑ። ከወደዳችሁት ቀጣዩ እርምጃ ሰርተፊኬት ነው። ግን ልብ በሉ፦ «ቴፍል» የአንድ ተቋም ፈተና ሳይሆን የብዙ ኮርሶች የወል ስም ነው፤ በሁለት ቀን የሚሸጥም አለ። የካምብሪጁ «ሴልታ» ግን ቢያንስ 120 ሰዓት የሚፈጅ ሆኖ እውነተኛ ተማሪዎችን እያስተማራችሁ ለ6 ሰዓት የምትገመገሙበት ነው። ዋጋው ይወደዳል፤ ክብደቱም ያንኑ ያህል ነው።

ለማጠቃለል፦ ዲግሪ፣ ትክክለኛ ቪዛና የተጻፈ ውል ላለው ሰው እንግሊዝኛ ማስተማር ጥሩ የሥራ ዕድል ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ግን ቸኩሎ መሄድ ሳይሆን ቆይቶ ማሟላት ነው የሚያዋጣው። «ምንም አያስፈልግም፣ አንተ ብቻ ና» የሚል ሰው የሚፈልገው አስተማሪ ሳይሆን እናንተን ነው።

ለመሄድ ሻንጣ እያዘጋጀ ያለ ጓደኛ ካላችሁ ይህን ዛሬውኑ ላኩለት።